የተራማጅ ሮክ እንጉርጉሮ

የሙዚቃ ስልት ስሙን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከተጫዋቹ ሳይሆን ከሸክላ ነጋዴውና ከጋዜጠኛው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ እንግሊዞች «ፕሮግረሲቭ ሮክ» ያሉት ሙዚቃም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተራማጅ» ይሆናል። ተራማጅ የተባለ ነገር ደግሞ ወደ ፊት የሚያይ፣ ነገ ከዛሬ እንደሚሻል የሚያምን መሆን ይገባዋል። ይሁንና በዚህ ስም ከተጠሩት ሥራዎች መካከል ዘመን ከተሻገሩት ብዙዎቹ ያንጎራጉራሉ። ስሙ ወደ ፊት ሲራመድ ዜማው ወደ ኋላ እየዞረ ያለቅሳል። ይህ ተቃርኖ ከየት መጣ? የጥቂት ወጣቶች የግል ቁዘማ ነውን? ወይስ ዘመኑ በእነርሱ አንደበት የተናገረው ነገር አለ?

ስሙ መጀመሪያ ያመለከተው ቅርጽን ነበር። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሮክ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ለዳንስ የሚመች፣ በትንሽ ሸክላ የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዘው ትልቁ ሸክላ ሲስፋፋ ግን ወጣቶቹ ሙዚቀኞች የተለቀቀላቸው ሜዳ ሰፋ። ከጃዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ኦርጋንና ከአውሮጳ ክላሲካል ሙዚቃ እየተዋሱ ረጃጅም ድርሰቶችን መሥራት ጀመሩ። ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ በተስፋፋው የትምህርት ዕድል የተጠቀሙ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ያለፉ የመካከለኛው መደብ ልጆች ነበሩ። ከወላጆቻቸው የተሻለ በልተዋል፤ የተሻለ ተምረዋል። የተማሩት ትምህርት ግን የአቶሚክ ቦምብን ዘመን እንዲያስተውሉ አደረጋቸው። ቪየትናም ስትቃጠልም በየቤታቸው በቴሌቪዥን አዩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይነሣ የማይታለፈው ባንድ ኪንግ ክሪምሰን ነው። በ1969 ሐምሌ 5 ቀን ሮሊንግ ስቶንስ በለንደን ሃይድ ፓርክ ለሕዝብ በነጻ ባሳየው ትርዒት ላይ፣ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት ቀድመው ከወጡት ጓዶች አንዱ ይህ ገና ጥቂት ወራት ያስቆጠረ ባንድ ነበር። በጥቅምት ወር የወጣው «ኢን ዘ ኮርት ኦቭ ዘ ክሪምሰን ኪንግ» የተባለው ሸክላ በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ እስከ አምስተኛነት ደረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ገጣሚው ፒተር ሲንፊልድ አንድም መሣሪያ በመድረክ ላይ ሳይጫወት እንደ ሙሉ የባንዱ አባል መቆጠሩ ነው፤ ግጥሙን ይጽፋል፣ የመድረኩን መብራት ይቆጣጠራል። ግጥም ለዜማ ማሟያ ተብሎ በስቱዲዮ ጥግ ይጻፍ በነበረበት የንግድ ሙዚቃ ዓለም ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። «ኤፒታፍ» ማለትም «የመቃብር ላይ ጽሑፍ» የተባለው ዘፈን፣ የሰው ልጅ በገዛ ሥልጣኔው እንዳይጠፋ የሚሰጋ የሃያ ጥቂት ዓመት ወጣት የጻፈው የቀብር ቃል ነው። የሸክላው ሽፋን ላይ ያለውን፣ በድንጋጤ አፉን የከፈተ ፊት የሣለው ባሪ ጎድበር የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበር፤ ሸክላው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በ1970 መጀመሪያ ላይ በሃያ አራት ዓመቱ ሞተ።

ነገር ግን አድማጩን በመጀመሪያ የሚይዘው ግጥሙ አይደለም። ከበስተኋላ እንደ ጭጋግ የሚወርደው፣ ቫዮሊን የሚመስል ግን ቫዮሊን ያልሆነው ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ ሜሎትሮን ይባላል፤ አሠራሩንም ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል፤ የዚህ ሙዚቃ ኀዘን ግማሹ ከሰው ልብ ቢመነጭ ግማሹ ከዚህ ማሽን የመነጨ ነውና።

ሜሎትሮን ሲያዩት ኦርጋን ይመስላል። ዳሩ ግን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የቴፕ ክር ተዘርግቷል፤ በክሩም ላይ አንድ እውነተኛ ሙዚቀኛ አንድ ጊዜ የተጫወተው አንድ ድምፅ ተቀርጿል። ጣት ቁልፉን ሲጫን ክሩ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ተጣብቆ ይሳባል፤ ድምፁም ይሰማል። ክሩ የሚበቃው ግን ለስምንት ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ያልቃል፤ ድምፁም ይቆረጣል። ጣት ሲነሣ የሽቦ ሞላ ክሩን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። በ1970 የወጣው ኤም 400 የተባለው ዓይነት 35 ቁልፎች ነበሩት፤ 35 ክሮች፣ 35 የታፈኑ ትንፋሾች ማለት ነው። የሐሳቡ ምንጭ አሜሪካዊው ሃሪ ቻምበርሊን ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁትን የሦስት ቫዮሊኖች ድምፅም በካሊፎርኒያ የቀረጸው እርሱ ነው። የእርሱ ሻጭ የነበረ ሰው በ1962 ሁለት መሣሪያዎች ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በበርሚንግሃም የመለዋወጫ ሥራ የነበራቸው የብራድሊ ወንድማማቾችም አሻሽለው በ1963 ሜሎትሮን ብለው አወጡት። የታለመለት ገበያ የቤት ሳሎንና የመጠጥ አዳራሽ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ኦርኬስትራ ሆኖ ቤተሰቡን እንዲያዝናና ታስቦ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የሞተሩ ፍጥነት እኩል ስለማይሆን ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ቅኝቱ ይዛባል፤ ክሩ ሲያረጅ ይሻክራል። ለሳሎን ጨዋታ ይህ ጉድለት ነበር። ለኀዘን ዜማ ግን ሲሳይ ሆነ። ሦስቱ ቫዮሊን ተጫዋቾች በሌሉበት፣ ምናልባትም በሕይወት በሌሉበት፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፤ ስምንት ሰኮንድ አልቅሶ ዝም ይላል። በአልቃሽ ወግ ያደገ ሰው ይህን መሣሪያ ቢሰማ ባዕድ አይሆንበትም፤ ትንፋሽ አጥሯት የምትቆርጥ፣ እንደገና የምታነሣ አልቃሽ ናትና። ቢትልስ በ1967 መጀመሪያ ላይ በዋሽንት ድምፁ ተጠቅመውበታል፤ ሙዲ ብሉዝ የተባለው ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ማይክ ፒንደር ደግሞ ቀደም ሲል በራሱ በፋብሪካው ተቀጥሮ ሠርቷል። የበርሚንግሃም ሠራተኛ የገጣጠመው ማሽን በበርሚንግሃም ልጅ እጅ አለቀሰ ማለት ነው።

ኪንግ ክሪምሰን አባላቱን እየለዋወጠ እስከ 1974 ዘለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም የወጣው «ሬድ» የተባለ ሸክላ የመጨረሻው ድርሰት «ስታርለስ» አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ አሠራሩም ለተውኔት ጸሐፊ ትምህርት የሚሆን ነው። በመጀመሪያ ሜሎትሮኑና ጊታሩ አንድ ቀስ ያለ ዜማ ያቀርባሉ፤ ጆን ዌተን ይዘፍናል። ከዚያ ዘፈኑ ያበቃ ይመስላል። ቤዝ ጊታሩ በአሥራ ሦስት ምት የሚዞር፣ የሚያነክስ የሚመስል ሐረግ ይጀምራል፤ በላዩ ላይ ሮበርት ፍሪፕ አንድ ድምፅ ብቻ ይመታል። ደግሞ ያንኑ። ደግሞ ያንኑ። በጣም በዝግታ ከፍ ይላል፤ ከበሮው ከርቀት እየቀረበ ይመጣል፤ አድማጩ የሚፈነዳ ነገር እንዳለ እያወቀ ለደቂቃዎች ይጠብቃል። ሲፈነዳ ሳክስፎኑ ይጮኻል፤ በመጨረሻም የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን በሙሉ ኃይሉ። ሸክላው ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ፍሪፕ ባንዱን በትኖ ነበር። ብዙዎች የዚህን ዓይነት ሙዚቃ ቁንጮ ከዚህ ድርሰት ላይ ያስቀምጡታል፤ ፍርዱ የተጋነነ አይደለም።

በ1967 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተው ቫን ደር ግራፍ ጄኔሬተር ደግሞ ጨለማውን በሌላ በኩል ገባበት። ይህ ባንድ በገነነበት ጊዜ ያለ ጊታር ጌትነት የቆመ ነበር፤ የሂዩ ባንተን ኦርጋን፣ ሁለት ሳክስፎን በአንድ ጊዜ የሚነፋው ዴቪድ ጃክሰን፣ የጋይ ኤቫንስ ድራም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት በአንድ ትንፋሽ የሚሸጋገረው የፒተር ሃሚል ድምፅ። በ1971 ባወጡት «ፖውን ሃርትስ» በተባለ ሸክላ ሁለተኛው ገጽ በሙሉ አንድ ድርሰት ነው። የባሕር ማማ መብራት ጠባቂ መርከቦች ሲሰጥሙ እያየ ማዳን ተስኖት ብቻውን የሚናገረውን ይዟል። ይህ ዘፈን ከመባል ይልቅ የአንድ ሰው ተውኔት ቢባል ይቀላል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሸክላ የፈለገው ሰው ጥቂት ነበር። በኢጣልያ ግን በ1972 በሽያጭ አንደኛ ወጣ። እንግዳ የሚመስለው ነገር ምክንያት አለው። በ1969 ታኅሣሥ በሚላኖ ባንክ ውስጥ በፈነዳው ቦምብ 17 ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ኢጣልያ «የእርሳስ ዓመታት» ተብሎ ወደ ተጠራው የግድያና የጥርጣሬ ዘመን ገብታ ነበር። የኢጣልያ ወጣት የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን በጆሮው ይዞ ያደገ ነው፤ በኦፔራ ምክንያትም የሚጮኽ ዘፋኝ አያስደነግጠውም፤ በየመንገዱ የሚያየው ደግሞ የመርከብ መስጠም ነበር። እዚያው ኢጣልያም በ1972 ኢል ባሌቶ ዲ ብሮንዞ «ኢስ» በተባለ ሥራው ጨለማውን በራሱ ቋንቋ ገልጾታል። ቫን ደር ግራፍ ግን በዚያው ዓመት በድካምና በገንዘብ ችግር ተበተነ፤ በ1975 ቢመለስም የኢጣልያው ዘመን አልተመለሰም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የገበያው ዓለም ታሪክ ነው። ኀዘንተኛው ሮክ የካፒታሊስት ኅብረተሰብ በሽታ ምልክት ብቻ ነው የሚል ክርክር በዚያን ጊዜ በምሥራቅ አውሮጳ የባህል መሥሪያ ቤቶች ይሰማ ነበር። የፖላንዱ ቼስዋቭ ኒየሜን ሥራ ግን ለዚህ ክርክር አስቸጋሪ ማስረጃ ነው።

ኒየሜን በ1939 ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር በምትገኝ መንደር ተወለደ፤ በ1958 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፖላንድ ገባ፤ የመድረክ ስሙንም ከትውልድ ቀዬው ወንዝ ወሰደ። በ1967 ባቀረበው ዘፈን በመላ አገሩ የታወቀ ድምፃዊ ሆነ። ታዋቂነቱን ይዞ በዚያው መቀጠል ይችል ነበር። በ1970 በመንግሥቱ የሸክላ ድርጅት ያወጣው «ኒየሜን ኢኒግማቲክ» ግን የሚከፈተው በአሥራ ስድስት ደቂቃ የቀብር ዝማሬ ነው። ግጥሙ የዘመኑ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖረውና በ1883 ፓሪስ ውስጥ በድሆች መጠለያ የሞተው የቺፕሪያን ኖርቪድ ግጥም ነው። ኖርቪድ የጻፈው ለጄኔራል ዩዜፍ ቤም መታሰቢያ ነው። ቤም በ1848ቱ አብዮት ለሀንጋሪዎች ነጻነት የተዋጋ፣ ከድሉ ውድቀት በኋላ ወደ ኦቶማን ቱርክ ተሰዶ በ1850 በሐለብ ከተማ የሞተ ፖላንዳዊ ነበር።

ገጣሚው የስደተኛውን ጄኔራል ሞት በጥንት የስላቭ ጀግና ቀብር መልክ ሣለው። ሰልፉ ይጓዛል፤ አልቃሾቹ ይከተላሉ፤ መሣሪያውና ፈረሱ አብረው ይሄዳሉ። የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ የሚወጣበትን የአገራችንን ጥንታዊ የለቅሶ ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ እንግዳ አይደለም። የኖርቪድ ጥበብ ግን ሰልፉ መቃብሩ ላይ አለመቆሙ ነው፤ ጉድጓዱን አልፎ ይሄዳል፤ የተኙትንም ይቀሰቅሳል። ስንኙ በግሪኮቹ የጀግንነት ግጥም ረጅም ምጣኔ የተሠራ በመሆኑ ለዘፈን የሚመች አይመስልም። ኒየሜን ይህን ረጅም ስንኝ አልቆራረጠውም። የሃመንድ ኦርጋኑን ከሥሩ እንደ ሰፊ መንገድ ዘረጋለት፤ የሴቶች መዘምራንን እንደ አልቃሾች አቆመለት፤ እርሱ ራሱ በሚሰነጠቅ ድምፅ አነበነበው። በሸክላው ላይ የተሳተፉት ሳክስፎን ተጫዋቾች ናሚስዎፍስኪና ኡርባኒያክ በፖላንድ ጃዝ አንቱ የተባሉ ነበሩ። ኀዘኑ ከባድ ነው፤ ሰሚውን ግን አያስተኛም። የተኙትን የሚቀሰቅስ ቀብር እንዴት የአፈግፍጎሽ ኪነት ይባላል?

ጎረቤቲቱ ቼኮዝሎቫኪያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ የተባለው የፕራግ ባንድ፣ ቫዮሊንና ሳክስፎን የሚያናክስ ጨለማ ሙዚቃ ይጫወት ነበር፤ ከሠለጠኑት እንግሊዞች ይልቅ ለአሜሪካ ምድር ቤት ሮክ የሚቀርብ በመሆኑ ከተራማጁ ጎራ ይመደብ አይመደብ ያከራክራል። የባለሙያነት ፈቃዱን በ1970 ተነጠቀ፤ በየገጠሩና በየሠርግ ቤቱ ተደብቆ ሲጫወት ቆየ። በ1976 መስከረም ከባንዱ ጋር የተያያዙ አራት ሰዎች ጸጥታ በማደፍረስ ተከሰው ከስምንት እስከ አሥራ ስምንት ወር የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ጸጉረ ረጃጅም ሙዚቀኞች በዚህ ፍርድ የአገር ጉዳይ ሆኑ፤ በ1977 ጥር «ቻርተር 77» የተባለው የመብት መግለጫ ሲወጣ አንዱ መነሻው ይኸው የፍርድ ሂደት ነበር። የፖላንዱ ድርጅት ኀዘኑን አትሞ ሸጠ፤ የፕራጉ ፍርድ ቤት ኀዘኑን አሰረ። ከሁለቱ የትኛው መንግሥቱን እንደጎዳ ታሪክ መልሶታል።

በምዕራቡ ደግሞ ያሰረው ባይኖርም ገበያው ፊቱን አዞረበት። በ1976 እና 1977 የመጣው ፐንክ ሦስቱን ደቂቃና ሦስቱን ድምፅ መልሶ አነገሠ፤ ረጅም ድርሰት የሀብታም ልጅ ቅብጠት ተባለ። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ባንዶች በመድረክ ጌጥ ብዛት ሙዚቃውን ራሱን ቀብረውት ነበር። እምቢ ያሉት ጥቂቶች በ1978 መጋቢት በሄንሪ ካው አስተባባሪነት «ሮክ ኢን ኦፖዚሽን» ብለው ለንደን ላይ ተሰባሰቡ፤ ከሸክላ ኩባንያዎች ውጪ እርስ በርስ ለመረዳዳት ነበር የተነሡት። ከእነርሱ መካከል የቤልጅጉ ዩኒቬር ዜሮ በባሱንና በሃርሞንየም የሚጫወተው ሙዚቃ በጨለማነቱ ወደር የለውም። ሜሎትሮንም በርካሽ ዋጋ በመጡት የኤሌክትሮኒክ ሲንተሳይዘሮች ተተካ። አከፋፋዩ በ1977 ከሠረ፤ ፋብሪካው በሌላ ስም ጥቂት ቆይቶ በ1986 ተዘጋ። ማሽኖቹ በየስቱዲዮው ምድር ቤት አቧራ ለበሱ።

ያገኟቸው ስዊድኖች ናቸው። ስዊድን ለዚህ ጆሮ አስቀድማ የተዘጋጀች አገር ነበረች። ፒያኖ ተጫዋቹ ያን ዮሃንሶን በ1964 የአገሩን የባላገር ዜማዎች በጥቂት ድምፆች፣ በብዙ ዝምታ ተጫውቶ ያወጣው ሸክላ በአገሪቱ የጃዝ ታሪክ በብዛት የተሸጠው ሆኗል፤ ቦ ሃንሶን ደግሞ በ1970 በኦርጋን የሠራው ጭጋጋማ ሙዚቃ ከስዊድን ውጪም ተሰምቶለታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተነሡት ወጣቶች ኪንግ ክሪምሰን ሲበተን ሕፃናት ነበሩ ወይም አልተወለዱም። አሮጌ ሸክላ በየሁለተኛ እጅ መደብሩ እየፈለጉ፣ በካሴት እየገለበጡ አዳመጡ። አኔክዶተን የተባለው ባንድ በቦርሌንገ ከተማ ሲጀምር «ኪንግ ኤድዋርድ» በሚል ስም የኪንግ ክሪምሰንን ሥራዎች ብቻ የሚጫወት ነበር፤ ቼሎና ሜሎትሮን የምትጫወተው አና ሶፊ ዳልበርግ ከገባች በኋላ በ1991 የራሱን ድርሰት ወደ መሥራት ዞረ። በ1993 ያወጣውም የመጀመሪያ ሸክላ «ቬሙድ» ይባላል። ቃሉን «ኀዘን» ብሎ መተርጎም ያሳንሰዋል፤ መንስኤው በውል የማይጨበጥ፣ ጣፋጭነት ያለበት የልብ መክበድ ነው፤ አማርኛ ለዚህ ያለው ቅርብ ቃል «ትዝታ» ነው።

ቦርሌንገ በዚያን ጊዜ የብረት ማቅለጫና የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ሙዚቃው በተሠራባቸው ዓመታት ስዊድን ከ1930ዎቹ ወዲህ አይታው የማታውቀው የኢኮኖሚ ቀውስ ደርሶባት ነበር፤ ባንኮቿ ተንገዳገዱ፤ ከመቶ ሁለት የማይሞላው ሥራ አጥነት በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ስምንት አለፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኡሎፍ ፓልመ በ1986 በዋና ከተማዋ መንገድ ላይ ከተገደሉም ብዙ አልቆየም። ወጣቶቹ ስለዚህ ሁሉ አልዘፈኑም፤ ዘፍነዋል ቢባል ውሸት ይሆናል። ግን ሁሉም ነገር እየተሻሻለ ይሄዳል ተብሎ ቃል የተገባለት ትውልድ፣ ቃሉ ሲላላ በሰማበት ሰዓት ከአያሌ የሙዚቃ ዓይነቶች መካከል የመረጠው የሃያ ዓመት አሮጌ እንጉርጉሮ መሆኑ ያለ ምክንያት አልሆነም። በ1969 የለንደን ልጆችም የተገባላቸው ቃል ያው ነበር።

የስቶክሆልሙ ኤንግላጎርድ በ1992 «ሂብሪስ» በተባለ ሸክላው አራት ረጃጅም ድርሰቶችን አቀረበ፤ የአና ሆልምግሬን ፍሉት የባላገር ዜማ ይዞ ይገባል፤ ድራሙ ይሰባብረዋል፤ ሜሎትሮኑ ፍርስራሹን ይሸፍነዋል። ከዚህ ሁሉ ባንድ መካከል መምሰልን አልፎ መፍጠር የደረሰው ይኸኛው ነው ማለት ይቻላል። በ1994 ተበተነ፤ በ2012 በአዲስ ሥራ ተመለሰ። የአኔክዶተንና የላንድበርክ አባላት ደግሞ በ1998 ሞርቴ ማካብር በሚል ስም ተሰባስበው የአስፈሪ ፊልሞችን ሙዚቃ በሜሎትሮን ቀረጹ።

አሮጌዎቹን ማሽኖች የሚጠግን ሲፈለግ የጠፋው እውቀት መሰብሰብ ነበረበት። በ1999 በዚያው በስቶክሆልም ማርክ ስድስት የተባለ አዲስ ሜሎትሮን መሠራት ጀመረ። ሞተሩ ተሻሽሏል፤ ፍጥነቱም እንደ ዱሮው አይወላገድም። ማንኛውም ኮምፒዩተር አንድን ድምፅ ያለ ማቋረጥ ማሰማት በሚችልበት በዚያ ጊዜ ግን ሠሪዎቹ የቴፕ ክሩን አልተዉትም፤ ርዝመቱንም አልጨመሩም። ተጫዋቹ ዛሬም ስምንቱ ሰኮንድ ሳያልቅ ጣቱን ማንሣት አለበት።